ለመስቀል ክትፎ የሠራሁት ቢላ

ባለፈው ሳምንት ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከአንድ ጋራዥ በር ላይ፣ የጋለ ብረት ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚወጣው ሽታ ደረሰኝ። ወያላው «እህት፣ ትገቢያለሽ?» ይለኛል፤ እኔ ቆሜ አሸታለሁ።

ሽታው የመለሰኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ወደምጠብቅበት ክረምት ነበር። ቀራንዮ፣ ከቤታችን ጀርባ፣ ከመኪና ባሌስትራ ቢላ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ገብቼ «ጋሼ፣ ያስተምሩኝ» አልኳቸው። ቤት ውስጥ «ዘንድሮ አባባ የመስቀሉን ክትፎ የሚከትፈው በእኔ ቢላ ነው» ብዬ ፎክሬ ስለነበር መመለሻ አልነበረኝም። ወንድሜ «ቢላው እስኪደርስ በሬው ያረጃል» ብሎ ስቆብኛል።

«ሲቀላ ምቺው፣ ሲጠቁር ተይው» ይሉኝ ነበር ሽማግሌው። በመጀመሪያው ቀን ከብረቱ ይልቅ አውራ ጣቴን መታሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ወናፉ ይተነፍሳል፣ የከሰሉ ብርሃን ፊታችንን ያሞቀዋል። ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ክረምት ተደስቼ አላውቅም።

ቅርጹ ከወጣ በኋላ ግን ጥጋብ መጣ። ቢላዬ የሱቅ ቢላ እንዲመስልልኝ ፈለግኩና ዘይት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሞረድ ማቅጠን ያዝኩ። «ተይ ልጄ፣ የክትፎ ቢላ የሚከትፈው በክብደቱ ነው» አሉኝ። እኔ የብረቱ ማብረቅረቅ ልቤን ወስዶታል፤ እሳቸው ዞር ባሉ ቁጥር እሞርዳለሁ። ሲያልቅ በእጃቸው መዘኑትና ሳቁ። «ለሽንኩርት ማን ይደርስበታል?» አሉ።

የመስቀል ዕለት አባባ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ወፍራሙን የራሱን ቢላ ትቶ ዘመድ ሁሉ ፊት የእኔን አነሣ። ከተፈ፣ ከተፈ፣ ሥጋው አልደቅ አለ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። እናቴ ቅቤውን ሁለቴ አሞቀችው። አጎቴ «ዛሬስ ምን ነካህ?» ሲለው፣

«ሥጋው ነው። በሬው ሽማግሌ ነበር መሰለኝ» አለ።

አመንኩት። እንዲያውም ከወንድሜ ጋር ሆነን በሬውን አማነው።

በቤታችን የመጀመሪያው ጉርሻ የታላቅ ነው። አባባ ግን አጎቴን አልፎ ወደ እኔ ዞረ። «ዛሬ ባለቢላዋ ትቅደም» አለ። ክትፎውን በቆጮ ጠቅልሎ እጁን ወደ አፌ ሲያመጣ፣ መዳፉ ላይ፣ ከአመልካች ጣቱ ሥር፣ ውሃ ቋጥሮ የተላጠ ቁስል አየሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ቀና ብዬ ሳየው በኩራት ይስቃል።

ጎረስኩ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለና በዚያው እጁ ሁለተኛውን ጠቀለለልኝ።