መብራት ሲሄድ የጠፋው ተራ

ደባርቅ ውስጥ በዘጋቢነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። ይህኛው ከአእምሮዬ ያልወጣው ሁሉም እውነቱን ይናገሩ ስለነበር ይመስለኛል።

ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። አንድ የባለበቅሎዎች ማኅበር ወደ ተራራው ለሚወጡ ቱሪስቶች ዕቃ የሚጭኑ በቅሎዎችን በተራ ያወጣ ነበር። ተራው በደብተር ሲጻፍ ገጽ ይቀደዳል፣ ስም ይፋቃል፣ ዱላ ይነሳል። ስለዚህ አባላቱ ተሰብስበው፣ ከእንግዲህ ኮምፒውተሩ ያለው ይጽና ብለው ተስማሙ።

ፕሮግራሙን የጻፈው ጎንደር የተማረ የዳባት ልጅ ነው። ማሽኑ አሮጌ ነበር። ተራው የሚጻፍበት ፋይል ደግሞ የእያንዳንዱን በቅሎ የዓመታት ጉዞ ይዟል፤ ተራ የሚወጣው ያ ሁሉ ታይቶ ነው። ፋይሉ ከዲስክ እየተነበበ በሚገለበጥበት ጊዜ አንድ ስም እስኪገባ ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይቻል ነበር። ልጁ ዘዴውን ቀየረው።

«አሁን አልገለብጥም» አለኝ፣ ለዘገባ ስሄድ። «ፋይሉን እንዳለ ሜሞሪ ላይ እዘረጋዋለሁ። የሚፈለገውን ገጽ ከርነሉ ራሱ ያመጣዋል፤ የተጻፈበትንም ሲመቸው ወደ ዲስክ ይመልሰዋል።»

ከርነል የሚለው የኮምፒውተሩን ሥራ ከሥር ሆኖ የሚያስተዳድረውን ክፍል ነው።

«ጉዳቱስ?» አልኩት።

«ጠዋት የመጀመሪያው ሰው ትንሽ ይቆያል፤ ገጾቹ ገና አልመጡም። ከዚያ በኋላ ይፈጥናል።»

«ሲመቸው ማለት መቼ ነው?»

«ዲስኩ ደካማ ስለሆነ እንዳይጨናነቅ የሚመልስበትን ጊዜ አራዝሜዋለሁ። አይስጉ ጋሼ፣ ፕሮግራሙን ሆን ብዬ በሥራ መሀል ስንቴ ገድየዋለሁ፤ አንድም ስም አልጠፋም።»

እውነቱን ነበር። ፕሮግራሙ ሲሞት የተጻፈው ከርነሉ ዘንድ ይቀራል። መብራት ሲሄድ ግን ከርነሉም፣ ዲስክ ላይ ያልወረደውም አብሮ ይሄዳል። ይህን እኔ አልጠየቅሁም፤ እሱም አላሰበውም።

እያወራን ሳለ አንድ አዛውንት ዳማ በቅሏቸውን ደጅ አስረው ገቡ። ተራራው ውስጥ ካለችው አምቢኮ መንደር ሁለት ቀን ተጉዘዋል። ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ከገባ ቱሪስት የለም፣ ተራውም እስከ መስከረም ይዘጋል። ልጁ ስማቸውን አስገባ፤ ወዲያው ስድስተኛው መስመር ላይ ታየ። ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነበብኩላቸው። ማስታወሻዬ ላይም «ስድስተኛ ተመዘገቡ» ብዬ ከነሰዓቱ ጻፍኩ። እርሳቸው በቅሏቸውን ውኃ ሊያጠጡ ወረዱ።

ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ። ከቀትር በኋላ ሲመጣ ዝርዝሩ አምስተኛው ስም ላይ ቆሟል። ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ የነበረ አንድ ጎልማሳ ስሙን አስገብቶ ስድስተኛ ሆነ። ለማግስቱ የተጠየቀው ስድስት በቅሎ ነው። አዛውንቱ ሲመለሱ የቀራቸው ሰባተኛው ነበር።

«ይኸ ሰው አይቶልኛል» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። «አንብቦልኛል።»

ማስታወሻዬን አውጥቼ ሰዓቱን ጭምር አነበብኩ።

«እንግዲያ ተራ የምንይዘው ከጋዜጠኛ ኪስ ነዋ» አለ ጎልማሳው። ከኋላው ያሉት ሳቁ። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያ፣ ማሽኑ ያለው ይጽና ያልነው አብረን ነው። እርስዎም እጅዎን አውጥተዋል።»

«አውጥቻለሁ» አሉ።

ልጁ ፊቱ ጠቁሮ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ስክሪኑ ላይ ነበሩ፤ ዲስኩ ላይ አልወረዱም» አለ።

«እና እስካሁን የት ነበርኩ?»

አዛውንቱ አምስት ቀን ጠበቁ፤ ሌላ ቱሪስት አልመጣም። ከዚያ ዝናቡ ጀመረ፤ በቅሏቸውን ባዶዋን እየሳቡ ወደ አምቢኮ ተመለሱ። እኔም ከዘገባዬ ላይ «በቅጽበት ይመዘገባል» የሚለውን ሰረዝኩ። ሌላ የምሠራው አልነበረኝም።

ልጁ በክረምቱ ፕሮግራሙን ለወጠው። እያንዳንዱ ስም ዲስክ ላይ መውረዱ እስኪረጋገጥ ቀጣዩ አይገባም። ማረጋገጡ ጊዜ ስለሚወስድ መስከረም ላይ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደረሰ። ደብተሩ ይሻል ነበር የሚል አልጠፋም።

«በአሥር ስም አንዴ ብታወርደውስ?» አልኩት።

«መብራቱ ከአሥረኛው በፊት ቢሄድ፣ የሚጠፉት ዘጠኙ እነማን ይሁኑ?» አለኝ። ድካሙ ድምፁ ውስጥ ነበር።

አዛውንቱ በዚያው ሰሞን መጡ። ስማቸው ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ አነበብኩላቸው። ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

«ወርዷል?» አሉ።

ልጁ ዓይኑን ከማሽኑ አልነቀለም። ከኋላ ያሉት አጉረመረሙ፤ ሁላችንም ጠበቅን።

«ወርዷል፣ አባቴ።»

ያኔ ነው ስንተኛ እንደሆኑ የጠየቁት። አሥራ አራተኛ ነበሩ።