የሚያፏጨው ድንጋይ

ወንድሜ የጭስ ጠቋሚውን፣ ጭስ ሲያገኘው የሚጮኸውን ዕቃ፣ እናታችን ክፍል ኮርኒስ ላይ ሲሰቅል ወንበሩን ይዤለት እስቅበት ነበር። እኛ ጭስ እየጠጣን ያደግን ሰዎች ነን። ገጠር፣ ቁሐር ሚካኤል ባለው ቤታችን ኩበት ሲጨስ ዐይናችን ያለቅሳል እንጂ ማንም "ጭስ መጣ" ብሎ አልጮኸም። እንዲያውም ከጣራችን ጭስ ካልወጣ ነው ጎረቤት "ምን ሆኑ?" ብሎ የሚመጣው።

"አሁን ይኼ ምን ሊነግረን ነው?" አልሁት።

"አንች ሩዝ መፈልፈያው ስትውይ፣ እማየ እሳት አንድዳ እንቅልፍ ቢወስዳትስ?"

እውነቱን ነበር። የክረምቱ ጎርፍ ማሳዋን ሲያጥለቀልቅባት እናቴን ወረታ ከተማ እኔ ዘንድ አምጥተናት ነበርና፣ ማንደጃው አጠገብ አሸልባ የነጠላዋ ጫፍ ተቃጥሎባት ያውቃል። ወንድሜ ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ መብራት ይጠግን ነበር። ዕቃውንም ያመጣው ሆቴሉ አሮጌዎቹን በአዲስ ሲቀይር ነው። እናቴ ስሙን መያዝ ስላቃታት "ዘበኛው" አለችው።

"ደመወዙ ስንት ነው?" ስትለው፣

"ድንጋይ ብቻ ነው የሚበላ" አላት።

በእኛ አገር ሬዲዮም የእጅ ባትሪም የሚሠሩት በድንጋይ ነው። ድንጋይ ይገባላቸዋል፣ ድንጋያቸው ይደክማል፣ ድንጋያቸው ይሞታል። የደከመ ድንጋይ ደግሞ ወዲያው አይጣልም። እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ይመለሳል። አባቴ የሬዲዮውን ድንጋዮች ቆርቆሮ ላይ ደርድሮ ሲያገላብጣቸው ይውል ነበር።

በዚያው ዓመት ወንድሜ ወደ እኛ ሲመጣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ከሐሙሲት አለፍ ብሎ ተገለበጠ። ስልክ ተደውሎልኝ የደረስሁት እኔ ነኝ። ስደርስ በሕይወት ነበር።

መርዶውን የነገሯት ሽማግሌዎች ግን "ወዲያው ነው ያረፈ፣ ድምፅ እንኳ አላሰማ" አሏት። መርዶ ነጋሪ የሞተውን አይመልስም፤ ለቀረው ሰው ነገሩን ያለሳልስለታል። ክፉ አላሰቡም። እኔም ዝም አልሁ። እናቴ ግን ለቅሶ የሚደርሰውን ሁሉ እጁን ይዛ "ምንም አላለም?" ትላለች። "ምንም" ይሏታል። "አንድ ቃል?" "ምንም።" ከሞቱ ይልቅ ይኸኛው በላት። የመጨረሻ ልጇ አንዲት ቃል ሳይተውላት መሄዱን ልትውጠው አልቻለችም። ከእኔ አፍ የሚወጣውን ስትጠብቅ ይታወቀኛል፤ እኔም ዐይኗን እሸሻለሁ።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሲል ዘበኛው ማፏጨት ጀመረ። ጩኸት አይደለም። አንዲት አጭር "ጢው" ትወጣዋለች፣ ከዚያ ዝም ይላል። ሰው ረስቶት ሥራውን ሲጀምር እንደገና "ጢው"። ወንድሜ ደግሞ በዕድሜው በር አንኳኩቶ አያውቅም። ደጅ ሲደርስ በጥርሶቹ መካከል አንዴ ያፏጫል፣ እናቴም ከውስጥ "መጣ" ትላለች።

ያን ቀን በረንዳ ላይ ሩዝ እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠችና "መጣ" አለች።

ጠራራ ፀሐይ ነው። ባጃጆቹ በበራችን ይንጫጫሉ። እኔ ግን ወደ ደጁ ዞር ብየ አየሁ።

"ድንጋዩ ደክሞ ነው፣ እማየ" አልኋት።

"ሲደክም ነዋ ሰው የሚጣራ" አለችኝ።

የንስሐ አባታችንን ጠርቼ ጠበል እንዲረጩልን አደረግሁ። ጸሎት ሲጀምሩ "ጢው" አለ፤ አቋረጡ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና "ጢው"። መስቀላቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩት።

"አባ፣ ልጄ ይሆን? ምን ይላሉ?" አለች እናቴ።

"ኧረ ተይ፣ ነፍስ ፕላስቲክ ውስጥ ገብታ ምን ትሠራለች?" አሏት። ስሸኛቸው ግን ደጅ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ድንጋዩን ቀይሪለትማ፣ እኔንም አስደንግጦኛል" አሉኝ።

መቀየሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ወረታ ያለው ባለ ሱቅ ሁሉ ክብ ክቡን ድንጋይ ያወጣልኛል፤ ይህ የሚበላው ግን አራት ማዕዘኑን ነው። በስንት ልመና ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አገኘሁና ወንበር ላይ ወጥቼ ቀየርሁት። ዝም አለ። የዚህ ዕቃ ነገሩ ይኼ ነው፣ ጤነኛ ሲሆን ዝም ይላል፣ ጭስ ከሌለ የሚናገረው ሊሞት ሲል ብቻ ነው።

"አፉን ዘጋሽው" አለችኝ እናቴ።

በማግስቱ ለምሳ ከሥራ ስመለስ አሮጌው ድንጋይ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ተሰጥቶ አገኘሁት። "ነፍስ ዘርቷል፣ መልሽለት" አለችኝ። ተቆጣሁ። "እብድ ልታደርጊኝ ነው?" አልኋት። ምሳዋን አልበላችም፣ ራቷንም አልበላችም። ግትርነቷን ስለማውቀው ተሸነፍሁና መለስሁላት። ጥቂት ቀን አፏጨ። እርሷም ወገቧ ቀና አለ፣ ፊቷ ፈታ አለ። ከዚያ ድንጋዩ ጭራሽ ሞተ። ቤት እሳት ቢበላው ትንፍሽ የማይል ዘበኛ ምን ይረባል? አዲሱን መልሼ ከተትሁ።

እውነት ለመናገር ፉጨቱንም እፈራው ነበር። መፈልፈያው ውስጥ ሞተሩ እየጮኸ፣ ገለባው እየበነነ፣ ሰው ከሰው በማይሰማማበት ቦታ "ጢው" ሲል እሰማለሁ። ዘወር እላለሁ፣ ማንም የለም። ለእናቴ አልነገርኋትም።

አንድ ቀን ለምሳ ስመጣ ከመስኮታችን ጭስ ሲወጣ ከመንገድ አየሁ። ጩኸቱንም ሰማሁት፤ የማያባራ፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት። እንዴት እንደሮጥሁ አላውቅም። በሩን ስከፍት እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ከፊቷ ማንደጃው አለ፣ ማንደጃው ላይ እርጥብ የሩዝ ገለባ ከምራበታለች። የዘበኛው ሥራ ጭስ ሲመጣ መናገር ነው ተብላለቻ! እንዲናገርላት ጭስ ሰጠችው። እርሷ የጠበቀችው ያችን ፉጨት ነበር።

ማንደጃውን ጎትቼ አወጣሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ ክዳኑን ከፈትሁና ድንጋዩን መንጭቄ አወጣሁት። ጩኸቱ ተቆረጠ። ልሰድባት አፌን ከፍቼ ዞር ስል ፊቷን አየሁት። ዐይኗ ላይ የሞላው እንባ ከጭሱ አልነበረም።

"እንዲህ ነበር?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ልጄ። እንዲህ ነበር የጮኸ?"

የሽማግሌዎቹ ቃል አፌ ላይ መጣ። "ወዲያው ነው ያረፈ" ልላት ነበር። አልወጣ አለኝ። ያችን ፀሐይ የመታትን አስፋልት፣ የያዝሁትን እጁን፣ ሁሉንም እንደገና አየሁት፤ ከወንበሩ ወረድሁ።

"ጮኾ ነበር፣ እማየ" አልኋት።

"ብዙ?"

"ብዙ።"

ነጠላዋን ጨበጠች። እገሌ ዋሸኝ፣ አንችም ዋሸሽኝ አላለችም።

"ማንን ነበር የሚጠራ?"

"አንችን። እስኪያርፍ ድረስ 'እማየ' ነበር የሚል።"

እናቴ ብድግ አለች። ሰው ሲጠራት እንደምታደርገው ነጠላዋን አስተካከለች፣ ፀጉሯን ወደ ሻሿ መለሰች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ክዳኑ ወደተንጠለጠለው፣ ሆዱ ባዶ ወደሆነው ነገር አየች።

"አቤት" አለች። "አቤት፣ ልጄ።"