ጥለቱ ወደ ላይ

እንጉዳይ በደብረ ታቦር ዙሪያ ስሟ የታወቀ አልቃሽ ነበረች። ሙሾውን ራሷ ትገጥማለች፤ ማን ወደ መሀል እንደሚገባ፣ ማን ደረቱን እንደሚመታ የምታዝዘውም እሷ ናት። ሰነፍ ለቀስተኛ ካየች ሬሳው ፊት ትሳደባለች። ጣልያን ደሳለኝንና አርበኛ ጓደኞቹን ሰቅሎ «ለሽፍታ ማልቀስ ክልክል ነው» የሚል አዋጅ ሲያስነግር ግን ሥራ ፈትታ ተቀመጠች።

አንድ ቀን ሲኒማ የሚያነሳ ጣልያን መጣ። የሚያስተረጉምለት ነጋዴው ሸሪፍ ነበር።

«እት እንጉዳይ፣ ሕዝቡ በመንግሥቱ መደሰቱን ሮማ ማየት ፈልጋለች። ሴቶቹን አስጨፍሪልኝ ይልሻል።»

«የሲኒማ መኪናዋ ድምፅ ትሰማለች?»

«አትሰማም። ማየት ብቻ ነው።»

እንጉዳይ ትንሽ አሰበች። ለቅሶ የከለከለው ሰው ራሱ ለቅሶ ሲጠራ አይታ አታውቅም። ሴቶቹን ሰብስባ፣ እንደ ሐዘን ወግ የሁሉንም ነጠላ አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አወጣችው። ጣልያኑ ቀለሙ ከፊታቸው አጠገብ ስለሆነለት ደስ አለው። ከዚያ በደሳለኝ ስም ሙሾውን አወረደችው። ሴቶቹ ዘለሉ፤ ደረታቸውን ደቁ፤ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

ጣልያኑ አጨበጨበና «ይደገም!» አለ።

ሲደገም አብሮ ለተሰቀለው ለደሳለኝ ወንድም ለወርቁ አለቀሱለት።

«በቃ፣ ግሩም ነው!» ብሎ መኪናውን መሰብሰብ ሲጀምር እንጉዳይ ተቆጣች።

«ምኑ ነው የበቃው? አብረው የተሰቀሉት የብዙነሽ ልጆች ገና አልተለቀሰላቸውም!»

«ምን አለች?» አለ ጣልያኑ።

ሸሪፍ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደስታችን ገና አላለቀም ነው የምትለው።»