የአዴ ጫልቱ ክር

ዛሬ የፈራሁት ልጆቹን ነበር፤ የጎዳሁት ግን ወፍ ነው። ማስተር ፕላኑን የሚቃወሙ ወጣቶች የቡራዩን መንገድ በቅርንጫፍ እየዘጉ ነው ሲባል ሰማሁና፣ ጀግናው እኔ፣ «ግቢዬ ገብተው ሳይቆርጡብኝ እኔው ቆርጬ ላውጣላቸው» ብዬ በወይራዬ ላይ መጋዝ አነሳሁ። የመጣ ሰው የለም። ከወደቀው ቅጠል ውስጥ ግን የጫጩት ጩኸት ተሰማኝ። ለካ አንዲት ቢጫ ወፍ ጎጆዋን እዚያ አንጠልጥላ ኖሯል።

ጩኸቱ ወዳደግኩበት ሰበታ መለሰኝ። ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት፣ ንፋስ እንዲህ ያለ ጎጆ ከነጫጩቶቹ ጓሯችን ውስጥ ጣለ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ዝናብና ቅቤ ከሚሸተው ነጠላቸው ጫፍ ክር መዘዙ።

«ኮቱ፣ ጉርባ! ና አንተ ልጅ፣ መሰላሉን ያዝልኝ» አሉና ወጥተው ጎጆውን መልሰው አሰሩት።

«ሳድግ አዲስ ነጠላ እገዛልዎታለሁ» አልኳቸው።

«የእኔን ተወው። ወፏ ደጃችን ቤት የሠራችው ሰው መስለናት ነው። ለእሷ ክፈል» ብለው ሳቁ።

ወፍ ደግሞ ነጠላ ትለብሳለች እንዴ ብዬ ግራ ገባኝ።

ዛሬ ከጋቢዬ ክር መዝዤ ጎጆውን ከተረፈው ቅርንጫፍ ጋር አሰርኩት። መሰላሉን የያዘችልኝ ባለቤቴ «ልጆቹ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ? አንተው ትበቃናለህ!» አለችኝ።

ማምሻውን እናትየዋ ወፍ ወደ ጎጆዋ ስትመለስ በመስኮት አየኋት። ዕዳዬን ከፈልኩ ልል ነበር፤ ግን አሳፈረኝ። አዴ ጫልቱ ያሰሩት ንፋስ የጣለውን ነው፤ እኔ ያሰርኩት ራሴ የጣልኩትን። ክራቸው ዛሬም አለብኝ።