የአራሷ ቅቤና ቱርቦው

ከሀደሮ ወደ ሆሳዕና ሲመጣ ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ አንድ ረጅም ዳገት አለ። በጃንሆይ ዘመን ያ መንገድ ጠጠር የነካው እዚህም እዚያም ብቻ ነበር፤ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ባለቤቴ በየቀኑ ይመላለስበት ነበር። መኪናችን ከኋላዋ አግዳሚ ወንበር የተገጠመላት አሮጌ የናፍጣ መኪና ነበረች። ጠዋት ሰውና ጨው ይዛ ትወርዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ሰውና ቆጮ፣ ሰውና ገብስ ይዛ ትመለሳለች። ቤታችን የቆመው በእሷ ነበር። የሰጠን እግዚአብሔር ነው፤ አላማርርባትም።

ግን ዳገቱን አትችለውም ነበር።

ዳገቱ ሥር ሲደርስ ባለቤቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ ያያል። ሰዉም ያውቀዋልና ይወርዳል። ሽማግሌው በከዘራው፣ እናት ልጇን አዝላ፣ ሁሉም በእግሩ ይወጣል። መኪናዋ ባዶዋን እያቃሰተች ከኋላ ትከተላለች።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት የአንጋጫ ቅቤ ነጋዴ እንስራዋን አዝላ ስትወርድ፣ "ጋሼ ሾፌር፣ ዛሬ ደግሞ እሷንም እንዘላት?" አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴም ሳቀ። ቤት ገብቶ ግን ራቱን ሳይጨርስ ሳህኑን ገፋው።

ሳቁ አልነበረም የከበደው። የመጀመሪያዋ ልጃችን ያገባችው ሀደሮ ነው። አንድ ጊዜ ምጥ ይዟት ወደ ሆሳዕና ሐኪም ቤት ስናመጣት አባቷ፣ "ሁሉም ይውረድ፣ አንቺ ግን ተቀመጪ" ብሏት ነበር። እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። መኪናዋ ዳገቱ መሐል ላይ ቆመች። ቀጥሎ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሰዎች ሮጠው ከጎማው ሥር ድንጋይ ባያስገቡ ኖሮ ወንዙ ውስጥ ነበርን። ልጄ ወረደች፤ የቀረውን በእኔና በአንዲት መንገደኛ ትከሻ ተደግፋ ወጣችው። ሕፃኑ አልተረፈም። ሐኪሙ ከመንገዱ ነው አላለም። ባለቤቴ ግን ከዳገቱ ነው ብሎ በልቡ ያዘው፤ ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላነሳም።

ልጃችን እንደገና ስታረግዝ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነገርኩት። ጥቂት ተራመደና፣ "ያን ዳገት በእግሯ አትወጣውም" አለ።

ከጋሪ ማቆሚያው አጠገብ ጋራዥ የነበረው አንድ መካኒክ ነበር፤ ወላጆቹ ከጉራጌ አገር መጥተው ሆሳዕና የቀሩ፣ ቀልድ የማይጠፋው ሰው። እሱ ከአንድ የተሰባበረ የመንገድ ሥራ መኪና ላይ የተፈታ ቱርቦ ነበረው። ባለቤቴ ሊያየው ሲሄድ እኔም አብሬ ሄድኩ። መካኒኩ ከጆንያ ውስጥ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ቀንድ አውጣ የሚመስል፣ የጠቆረ፣ ከባድ ብረት ነው።

"ይህ ምን ይሠራል?" አልኩት።

"እትዬ፣ አንጥረኛ ከሰሉን በምን ያግለዋል?"

"በወናፍ።"

"ይህም ወናፍ ነው። በዚህ በኩል የመኪናዋ ጭስ ሲወጣ ውስጡ ያለውን መዘውር ያሽከረክረዋል። መዘውሩ ደግሞ በዚያ በኩል ንጹሕ አየር እያፈነ ወደ ሞተሩ ይገፋል። አየር ሲበዛ ናፍጣውም ይጨመራል፤ እሳቱ ይበረታል። መኪናዋ የምትጥለው ትንፋሽ ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው።"

ገባኝ። እንዲህ አድርጎ የሚያስረዳኝ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል።

ባለቤቴ በዚያው ሳምንት እንዲገጠም ፈለገ። መካኒኩ ግን ራሱን ነቀነቀ። "ወንድሜ፣ ቱርቦ ሙሽራ ነው፤ ያለ ሚዜ አይሄድም" ብሎ ሚዜዎቹን ቆጠረለት። እሳቱ ሲበረታ ውኃው እንዳይፈላ ሰፊ ራዲያተር ያስፈልጋል። ከሞተሩ ራስ ሥር ገብቶ ክፍተቱን የሚያሽገው ጓርኒሲዮን በወፍራም መለወጥ አለበት፤ አለዚያ ግፊቱ ይበጥሰዋል። ጭሱ ሳይታፈን እንዲወጣ ማርሚታው ይሰፋል። ከሞተሩ ዘይት የሚያመጣለት ቀጭን ቱቦ ይዘረጋል፤ ያ ብረት ያለ ዘይት አንድ ቀን አያድርም።

ባለቤቴ ያለንን ያውቃል። ጓርኒሲዮኑን፣ ቱቦውንና ማርሚታውን እሺ አለ። ራዲያተሩ ላይ ተከራከሩ። በመጨረሻ መካኒኩ ከሌላ መኪና የወረደ ሰፊ ራዲያተር በይዶ ሊሰጠው ተስማሙ። እጅ ለእጅ ሊጨባበጡ ሲሉ፣

"ማቆሚያዋስ?" አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

"ፍሬኗን ነው የምትይው?" አለ ባለቤቴ። "እኛ የምንፈልገው እንድትወጣ ነው።"

"የወጣችበትን በማግስቱ ትወርደዋለች። ያን ቀንም ወደ ኋላ የተንሸራተተችው ፍሬኗ ስላልያዘ ነው።"

መካኒኩ በጨርቅ እጁን እየጠረገ፣ "እውነቷን ነው" አለ። "የፍሬኑ ሸራ አልቋል። ብረት ለብረት ነው የሚፋተገው። ከዚህ በኋላ ደግሞ ጭነት ትጨምራለህ፤ ሰው ጠባዩ ነው። ግን ለአራቱም እግር ሸራ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው።"

ለእሱ የሚሆን አልነበረንም። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ፣ "ቱርቦው ይቅደም፤ ፍሬኑን እግዚአብሔር ያውቃል" አለ።

"እግዚአብሔርማ ያውቃል" አልኩት። "እኛም አውቀናል።"

በእኛ አገር ሴቶች ዊጆ አለን። በየሳምንቱ ቅቤ አምጥተን ተራዋ ለደረሰች እናዋጣለን፤ ተራዋ የደረሰች እንስራ ሙሉ ቅቤ ይዛ ትገባለች። የእኔ ተራ ከልጄ መውለጃ ጋር እንዲገጥም ቀድሜ ለምኜ ነበር። አራስ ያለ ቅቤ አትጠናም። ለገንፎዋ፣ ለአናቷ፣ ለሚጠይቃት ሰው ሁሉ ቅቤ ነው። ያለ ቅቤ የተቀበልኳት እንደሆነ ደግሞ የሚታማው ባሏ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ለጥቂት ቀናት ጸለይኩበት። ከዚያ ወደ ዊጆዬ ሴቶች ሄጄ ተራዬን አሁን እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ።

"ልጅሽ ወለደች እንዴ?" አለች ትልቋ።

"አልወለደችም።"

"ታዲያ ቅቤው ለማን ነው?"

"ለመኪናዋ።"

አንዷ፣ "እሰይ፣ መኪናሽ አራስ ሆነች?" አለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ "ምን ወለደች? ጋሪ ነው ብስክሌት?" ስትል ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ስለ ፍሬኑ ስነግራቸው ግን ሳቁ ቆመ። የሁሉም ቤተሰብ በዚያች መኪና ይመላለሳል። ትልቋ ተነሥታ ቅቤዋን እንስራዬ ውስጥ ገለበጠችና፣ "ለአራሷ ስትደርስ እንደርስላታለን" አለች። ሌሎቹም አመጡ።

ቅቤው ተሸጦ የፍሬኑ ሸራ መጣ። ባለቤቴ ሸራውን አገላብጦ አየው። በማግስቱ ጠዋት ውኃ እኔ ሳልቀዳ ቀድቶ አገኘሁት።

ቱርቦውና ሸራው ከተገጠሙ በኋላ መካኒኩ አንድ ትእዛዝ ሰጠ። "ዳገት ወጥተህ ወዲያው ሞተር አታጥፋ። እዚህ ውስጥ ያለው ብረት እንደ ፍም ግሏል። ሞተሩን ስታጠፋ ዘይቱ ይቆማል፤ የቆመው ዘይት ውስጡ ይቃጠላል። ጥቂት በቀስታ ይሥራና ይብረድ።"

በመጀመሪያው ቀን ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሰዉ እንደ ልማዱ ለመውረድ ተነሣ። ባለቤቴ፣ "ተቀመጡ" አላቸው። ከሞተሩ ቀጭን ፉጨት ተሰማ፤ መኪናዋ ሰዉን ሁሉ እንደያዘች ወጣች። አንድ ሽማግሌ ጫፉ ላይ ሲደርሱ፣ "እግሬ አንድ እርምጃ ሳይራመድ በልማዱ ደክሞኛል" አሉ ብሎ ባለቤቴ እየሳቀ ነገረኝ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቶ ነበር።

ነገር ግን ጥቂት ሳምንታት ሳይሞላ ሰማያዊ ጭስ ታየ። መካኒኩ ፈትቶ ውስጡን አየና ተቆጣ። "ሞተር ታጠፋለህ!"

"አላጠፋም" አለ ባለቤቴ። ቀጥሎ አሰበና፣ "ለቅሶ ሲኖር ብቻ ነው" አለ።

ነገሩ ይህ ነው። ከዳገቱ ጫፍ ላይ ሰፊ ሜዳ አለ፤ የአካባቢው ሰው ለቅሶውን የሚያለቅሰው እዚያ ነው። በእኛ አገር በለቅሶ አጠገብ ፈረስ ተቀምጦ የሚያልፍ የለም፤ ይወርዳል፣ ፈረሱን ይስባል። መኪና ያለውም ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፣ ሐዘኑን ገልጾ ይሄዳል። ባለቤቴም እንደዚያው ያደርግ ነበር። መኪናዋ ዳገቱን ጨርሳ ብረቷ በጋለበት ሰዓት።

"ታዲያ ሰው እያለቀሰ ሞተር እያጓራሁ ልቁም?" አለው ባለቤቴ።

መካኒኩ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "እኔ የብረቱን ነው የማውቀው" አለ። "የቱርቦው ዕድሜ የቀረው ትንሽ ነው። እንዲህ ከቀጠልክ ልጅህን ሳታደርስ ይቆማል።"

ባለቤቴ ያን ቀን እኔን ይዞ ከሜዳው አጠገብ ወዳለው ሰፈር ሽማግሌ ሄደ። በወጣትነታቸው በፈረስ ጉግስ የታወቁ ሰው ናቸው። ደጃቸው ተቀምጠን ነገሩን በሙሉ አስረዳቸው፤ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ጋለው ብረት። ሰምተው ሲጨርሱ፣ "ይህን ለመንገር ነው የተጨነቅከው?" አሉት። "የጋለበ ፈረስ ወዲያው ይታሰራል እንዴ? ያሰርከው እንደሆነ ይሞታል። ላቡ እስኪደርቅ በእርምጃ ታናፍሰዋለህ። አንተም አናፍሳት። ከሜዳው ወዲያ ካለው ዛፍ ሥር ቁም፤ እስክትበርድ ጠብቅ፤ ከዚያ አጥፍተህ ና። ሟቹ አይቸኩልም።"

ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አደረገ። ለሰዉም ተነገረ። ሰማያዊው ጭስ ጨርሶ ባይጠፋም አልባሰም።

ልጄ ቀኗ ሲቃረብ እኔም በየቀኑ አብሬው እወርድ ጀመር። አንድ ቀን ወደ ቁልቁለቱ ስንገባ መጠምዘዣው ላይ ገብስ የጫነ ጋሪ ተገልብጧል፤ ፈረሱ መንገዱ ላይ ወድቋል፤ ጋሪ ነጂው ሊያነሣው ይታገላል። ባለቤቴ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ጠጠሩን እየቧጠጠች ሄዳ ቆመች። ከፈረሱ እግር እስከ እኛ ያለው ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ቅቤሽ" አለኝ።

ሀደሮ ስንደርስ ልጄ ምጥ ጀምሯት ነበር። ከፊት፣ በእኔና በአባቷ መካከል አስቀመጥናት። ወንዙን ተሻገርን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ እጄን ያዘች፤ ምን እንዳሰበች አውቃለሁ። "ትወርጃለሽ ያለሽ የለም" አልኳት። ፉጨቱ ጀመረ። እኔ በልቤ መዝሙረ ዳዊት ልል ፈልጌ ነበር፤ የመጣልኝ ግን "ጌታ ሆይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ" የሚል ነው። መኪናዋ አልቆመችም። ባለፈው ድንጋዩን ያስገቡበት ቦታ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። አለፍነው።

ጫፉ ላይ ሜዳው በሰው ተሞልቷል። ለቅሶ ነው። ባለቤቴ ዝግ አለ፤ ወደ ዛፉ ሊዞር መሪውን ጠመዘዘ። ልጄ ከንፈሯን ነክሳለች። ለቅሶው ይብለጥ ወይስ ምጧ ብሎ ሊጠይቀኝ አየኝ፤ አፌን ሳልከፍት እኚያ ሽማግሌ ከሰዉ መካከል ወጥተው ወደ መስኮቱ መጡ። ወደ ውስጥ አዩ። ልጄን አዩ።

"እለፍ" አሉት።

"አባቴ፣ ለቅሶ ላይ …"

"የሚሄደውን እኛ እንሸኛለን። አንተ የሚመጣውን ተቀበል። እለፍ፣ ልጄ።"

ዞረው እጃቸውን አነሡ። ለቅሶው ዝም አለ። ሰዉ ግራና ቀኝ ሆኖ መንገድ ከፈተልን፤ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች እጃቸውን ወደ ልጄ ዘረጉ፤ እኛም በዝግታ አለፍን። ስለ ሟቹ እስከ ዛሬ ማን እንደነበረ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ግን አስበዋለሁ።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ነርሶቹ ልጄን ተቀበሉኝ። እስክትገባ ቆሜ ወደ ኋላ ስመለከት ባለቤቴ ከመኪናዋ አልወረደም። ሞተሩ በቀስታ ይሠራል። ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሲጸልይ አብዝቼ አላየሁትም፤ እኔ ነበርኩ የምጸልየው። አጠገቡ ሄጄ በሩ ላይ እጄን አደረግሁና እሱ እስኪጨርስ ቆምኩ። "አሜን" ሲል ቁልፉን አዙሮ አጠፋ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ወለደች። እናትም ልጅም ደኅና ናቸው አሉን።

ልጄን ከእኔ ዘንድ አረስናት። ቅቤ አልነበረኝም፤ ያፈረ ፊቴን ማንም እንዳያየው ጓዳ ውስጥ ሥራ ፈጠርኩ። በሦስተኛው ቀን የዊጆዬ ሴቶች ሁሉም ተያይዘው መጡ። የማንም ተራ አልነበረም፤ እያንዳንዷ ከቤቷ ይዛ ነው የመጣችው። ትልቋ የሕፃኗን ግንባር በቅቤ ቀባችና የቀረውን እንስራ እጄ ላይ አኖረችው።

"ይህ የሰው ነው" አለችኝ። "ለመኪናዋ እንዳትሰጫት።"

አልሰጠኋትም። ትንሽ ብቻ ቆንጥሬ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ለመካኒኩ ወደ ቤቱ ላክሁለት።