ከዘይነባ ጋር የዋልኩበት ቅዳሜ

ልጅ እያለሁ አሰበ ተፈሪን ቁልቁል የምናያት ከአንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ ሆነን ነበር። ድንጋዩ ከሰፈራችን ጀርባ ካለው ዳገት ወገብ ላይ፣ በማሽላ ማሳና በጫት እርሻ መሀል ተጋድሟል። ከዚያ ላይ ሲቀመጡ የመስጊዱ ሚናራ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ ከሚኤሶ እየተጠማዘዘ የሚወጣው መንገድና ወደ በዴሳና መቻራ የሚሄደው አቧራማ መንገድ ሁሉም ይታያሉ። ቀትር ላይ ድንጋዩ የውስጥ እግራችንን ያቃጥለን ነበር። ነፋሱ ከታች የተሰጣ ቡና ሽታ ይዞ ይመጣል።

ድንጋዩን ያሳየን ጀማል ነው። ጀማል የጓደኛዬ የዘይነባ ታላቅ ወንድም ነበር፤ በጭነት መኪና ረዳትነት ጀምሮ መንዳት የቻለ፣ ረጅም፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ። መኪናን ሳናይ በድምፁ ብቻ እንድንለይ አስተምሮናል። «ኤንትሬ የጭነት መኪና ዳገት ላይ ታቃስታለች፤ አውቶቡስ ግን ያጉረመርማል» ይለን ነበር። እኔና ዘይነባም ዓይናችንን ጨፍነን መኪና ስንገምት እንውላለን።

የእኛንና የእነሱን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ሲሆን የዘይነባ አባት አባባ ዩሱፍ ደግሞ መቻራ እየወረዱ ቡና ይሰበስቡ ነበር። እናቷ አዴ ሐሊማ ጠዋት ጠዋት የቡና ገለባ በወተት አፍልታ ሆጃ ስትቀዳ በአጥሩ ክፍተት ብቅ ብላ «ኮቱ ኢንታላ ኮ» ትለኛለች፤ ነይ ልጄ ማለቷ ነው። በጾም ቀን ወተት ሳትጨምር የኔን ለብቻው ታፈላልኝ ነበር። ማንም አልነገራትም፤ የጾማችንን ቀን ከእኛ እኩል ታውቀው ነበር።

የምሥራቁ ጦርነት ሲጀመር መኪና መንዳት የሚችል ሁሉ ተፈለገ፣ ጀማልም ሄደ። ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ የጨዋታ ቦታ መሆኑ ቀረና መጠበቂያ ሆነ። ዘይነባ ከምሥራቅ የሚመጣ መኪና በሰማች ቁጥር ትነሳና እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ መንገዱን ታያለች።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክንዱ በፋሻ የታሰረ ወታደር ሱቃችን ገባ። እኔ ከባንኮኒው ኋላ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራ እየሠራሁ ነበር፤ አላየኝም። «ጀማል ‹እናቴ ብቻዋን እንዳትሰማ፣ መጀመሪያ ለባለ ሱቁ ንገር› ብሎኛል» አለ ለአባቴ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን ሁሉ ሰማሁ። ወታደሩ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን መኪና ሊይዝ ወጣ።

አባቴ ሱቁን አልዘጋም። ሱቅ በቀን ከተዘጋ ሰፈሩ እንደሚጠይቅ ያውቃል። ደንበኛ መጣ፣ ስኳር መዘነለት፣ ሸኘው። ከዚያ ነው ዞር ብሎ ያየኝ።

«ሰምተሻል» አለ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«አባባ ዩሱፍ መቻራ ናቸው። ዛሬውኑ ሹፌር እልክባቸዋለሁ፤ ነገ ወደ ማታ ይደርሳሉ። ክፉ ወሬ ለብቻ አይሰጥም፣ ልጄ። ቤተሰቡ ሲሟላ፣ ሰው ሲሰበሰብ ነው የሚነገረው። ነገ ዘይነባን ይዘሽ ድንጋዩ ጋ ዋይ። ከሰው አፍ እንዳትሰማ።»

በማግስቱ እናቴ ሰፌዷን ይዛ አዴ ሐሊማ ዘንድ ሄደች። «ማሽላውን አብረን እንልቀም» አለቻት። ቀኑን ሙሉ ከጎኗ አልተነሳችም፤ በር ላይ የመጣውንም ሁሉ ቀድማ እየወጣች መለሰችው። እኔም ዘይነባን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ።

ቅልብልቦሽ ጀመርን። ጠጠሩን ወደ ላይ እወረውረዋለሁ፣ እጄ አይቀልበውም። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሁሌም ጣልኩት። ዘይነባ ጠጠሮቹን ሰበሰበችና አየችኝ።

«ዛሬ ምን ሆነሻል?»

«ሆዴን አሞኛል።»

ይዛው የመጣችውን ሸንኮራ ለሁለት ሰብራ ወፍራሙን ሰጠችኝ። እንቢ ስል ራሴን ጭኗ ላይ አስተኛችና እናቷ ሲያማት እንደምታደርግላት እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ቁርአን ቀራችልኝ። ፊቴን ወደ ድንጋዩ አዞርኩ። እንባዬን ስታይ ሕመሙ የጠናብኝ መስሏት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጀማል ሲመጣ ድሬዳዋ ይወስደናል» አለችኝ። «ባቡር ያሳየናል። አንቺንም እንዲወስድሽ ነግሬዋለሁ።»

«እሺ» አልኳት። በዚያ ዕድሜዬ ከዚያች ቃል የከበደ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከበዴሳ በኩል የሞተር ድምፅ ተሰማ። ዘይነባ ዓይኗን ጨፈነች። «ኤንትሬ ናት» አለች፣ ከዚያ ገልጣ አየችና ከጋቢናው መስኮት የሚታየውን ነጭ ኮፍያ አወቀችው። «አባ ነው። ሳምንቱ ሳይሞላ መጣ።» እጄን ይዛ ቁልቁል ሮጠች። ልይዛት ሞክሬ ነበር፤ አልቻልኩም። ደስ ብሏት እየሳቀች ነበር የምትሮጠው።

ከመንገዱ ስንደርስ አባባ ዩሱፍ ከመኪናው እየወረዱ ነው። ከሱቃችን ውስጥ ሰዎች ወጡ፤ የሰፈሩ ሼህ፣ አባቴ፣ ሽማግሌዎች። ሼሁና አባቴ በግራና በቀኝ ያዟቸው። ሼሁ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር ሲሉ አባባ ዩሱፍ ኮፍያቸውን አወለቁና «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፣ ሞት ሲሰማ የሚባለውን፣ በቀስታ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ግቢው ገቡ። ጥቂት ቆይቶ የአዴ ሐሊማ ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው የእናቴም ከላዩ ላይ ተነሣ።

ዘይነባ ደጃፉ ላይ ቆማ ሰዉን አየች። ቀጥሎ እኔን አየችኝ። እጇን ከእጄ አወጣች።

አባቴ ሱቁን ዘግቶ ሦስት ቀን ከእነሱ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ውሃው ከእኛ ቤት ይቀዳል፣ ምግቡ ከየቤቱ ይመጣል። ዘይነባ ግን አላናገረችኝም። ትምህርት ቤት ለብቻዋ ትሄዳለች፤ በአጥሩ ክፍተት ሳያት ፊቷን ታዞራለች። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ።

መስከረም ላይ አንድ ከሰዓት መጥታ ደረጃችን ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ታውቂ እንደነበር ለእናቴ ነገርኳት» አለች ወደ መሬት እያየች። «እናቴ ግን ‹ወንድም ያለሽ ሆነሽ አንድ ቀን እንድትውዪ አደረገችሽ› አለችኝ።»

ከአጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እኔ እንኳ ገና አልገባኝም። ግን ደብሮኛል። ነይ እንጫወት።»

ዛሬ ያ ዳገት ቤት ሞልቶበታል፣ ከተማውም ጭሮ ከተባለ ቆይቷል። አባቴም፣ አባባ ዩሱፍም፣ አዴ ሐሊማም የሉም። እኔ የምኖረው አዳማ ነው፤ ዘይነባም እዚያው ናት። ባለፈው ዓመት ታላቅ እህቴ ስታርፍ ወሬው የደረሰኝ በስልኬ ነው፤ ታክሲ ውስጥ፣ በማላውቃቸው ሁለት ሰዎች መሀል ተጣብቤ፣ ከሦስት መስመር በማይበልጥ ጽሑፍ። የላከልኝ ልጅ ክፋት የለበትም፤ ዘመኑ እንዲህ ነው፣ ቶሎ ያወቀ ቶሎ ይናገራል። ረዳቱን «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩና መንገድ ዳር ቆምኩ። ሰው ወዲህና ወዲያ ያልፋል። የማደርገው ቢጠፋኝ ዘይነባ ዘንድ ደወልኩ። ድምፄን እንደሰማች ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀችኝም።

«የት ነሽ?» አለች። «ካለሽበት እንዳትንቀሳቀሺ። እየመጣሁ ነው።»