የእህቴ ልብና ባለፀጉሯ ባክቴሪያ

እህቴ አሥር ዓመቷ ላይ ጉሮሮዋን አመማት። እናቴ «እንጥሏ ወርዷል» አለችና ወሎ ሰፈር እንጥል የሚቆርጡ ሽማግሌ ዘንድ ይዘናት ሄድን። ጭንቅላቷን ጥብቅ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጩኸቷ ጉርድ ሾላ ላይ አውቶቡስ ያስቆማል።

በሦስተኛው ቀን መብላት ስትጀምር «ሐኪም ቤት ብንሄድ ኖሮ ገና ወረፋ ላይ ነበርን» ብዬ ቤቱን አሳቅሁት።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲሽር ክርኗ ተነሳ። ከዚያ ትንሽ መንገድ ስትሄድ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። ሐኪም ቤት ወሰድናት።

«እንጥሏን እኮ አስቆርጠናል፣ ዶክተር» አለች እናቴ።

«ባክቴሪያዋን እንጥል ቆርጠው አያወጧትም፣ እማማ።» ዶክተሩ ወረቀት ላይ ክብ ነገር ሳለና ዙሪያውን ፀጉር አበቀለለት። «ይቺ ፀጉር ፕሮቲን ናት። የሰውነት ዘበኞች ባክቴሪያዋን እንዳይውጧት ትከላከልላታለች። ዘበኞቹ ቆይተው ሲነቁባት ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ፀጉሯ የልብን ሥጋ ትመስላለች። እሷን ያገኙ መስሏቸው ልብ ይመታሉ።»

«የገዛ ዘበኞቿ?» አለች እናቴ።

«የገዛ ዘበኞቿ።»

«አብዮት ጠባቂዎች ሰውነቷ ውስጥም ገቡ እንዴ?» አልኩ እኔ።

ዶክተሩ አልሳቀም፤ መጀመሪያ በሩን አየ። እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

«በየወሩ መርፌ ትወጋለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጤነኛ ብትመስልም እንዳታቋርጡ። ባክቴሪያዋ እንደገና ጉሮሮዋን ከያዘቻት ልቧ አይችለውም።»

የማመላልሳት እኔ ሆንኩ። መርፌው ለበሬ የተሠራ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ሁለት ቀን ያስነክሳታል። አንድ ዓመት ቻለችው። ከዚያ አንድ ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ ሸሚዜን ጨምድዳ ያዘች።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬን ብቻ። አሁን እኮ ምንም አያመኝም።»

አንጀቴን በላችው። ቦሌ ሄደን አውሮፕላን ሲያርፍ ስናይ ዋልን። ቤት ስንደርስ «ተወግታለች» አልኩ። እንዴት እንደምታነክስ መንገድ ላይ ያለማመድኳት እኔ ነኝ፤ እንዲያውም አሳምራ ስታነክስ እናቴ እግሯን በሙቅ ውሃ አሸችላት። በሚቀጥለውም ወር እንደዚያው አደረግን። በሦስተኛውም።

ክረምት ሲገባ ጉሮሮዋን እንደገና አመማት። ብዙም ሳይቆይ በጀርባዋ መተኛት አቃታት፤ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ ታድር ነበር። እኔን ስታይ ከንፈሯ ላይ ጣቷን ታደርጋለች፤ እንዳልናገር። አልተናገርኩም።

ቀብሯ ላይ እናቴ ደረቷን እየመታች «ያ መርፌ፣ ያ የማይረባ መርፌ!» እያለች መድኃኒቱን ረገመች። ለቀስተኛውም ረገመላት። እኔም አብሬ ረገምኩ።